ቸርነት በዕለት ተዕለት ክርስቲያናዊ ሕይወት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የተሰበሰቡት ጥያቄዎች ከሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪዎች፣ ከጽዋ ማኅበር አባላትና ከወላጆች ብዙ ጊዜ የሚነሡ ናቸው። መልሶቹ የቅዱሳት መጻሕፍትን ቃል ከቤታችን፣ ከሥራ ቦታችንና ከመንገዳችን ኑሮ ጋር ለማገናኘት የሚሞክሩ ናቸው።

ቸርነት ማለት ምን ማለት ነው? መመጽወት ማለት አይደለምን?

በዘወትር ንግግራችን "ቸር ሰው" ስንል አብዛኛውን ጊዜ እጁ የተፈታ፣ የለመነውን የማይመልስ ሰው ማለታችን ነው። ይህ እውነት ቢሆንም የቃሉን ግማሽ ብቻ ይነግረናል። ቅዱስ ጳውሎስ በገላትያ መልእክት 5፥22 ላይ የመንፈስን ፍሬ ሲዘረዝር ቸርነትን ከትዕግሥት ቀጥሎ ያስቀምጠዋል። በዚያ የተጠቀመበት የግሪክ ቃል "ክሬስቶቴስ" የሚል ሲሆን፣ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል 11፥30 "ቀንበሬ ልዝብ" ሲል "ልዝብ" ተብሎ የተተረጎመው ቃልም ከዚያው ዘር የወጣ ነው። በሬ ጠምዶ ያረሰ ወይም ሲታረስ ቆሞ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በደንብ ያልተጠረበ ቀንበር የበሬውን ጫንቃ ይልጣል፤ ቀኑን ሙሉ ሲታረስበት ቁስል ያወጣል፤ በማግሥቱም በሬው ቀንበሩን ገና ሲያይ ይሸሻል። የለዘበ ቀንበር ግን እርሻው ያው እርሻ፣ ድካሙም ያው ድካም ሆኖ ሳለ አያቆስልም። ቸር ሰውም እንዲሁ ነው፤ አለቃ ቢሆን ያዝዛል፣ አባት ቢሆን ይገሥጻል፣ አበዳሪ ቢሆን ገንዘቡን ይጠይቃል፤ ነገር ግን የተጠጋውን ሰው አያቆስልም።

ስለዚህ ምጽዋት ከቸርነት ሥራዎች አንዱ እንጂ ቸርነት በሙሉ አይደለም። መቶ ብር ሰጥቶ "አሁን ዞር በል" ያለ ሰው መጽውቷል፣ ቸር ግን አልሆነም። ቸርነትን ከኪስ ጋር ብቻ ስላያያዝነው፣ በዓመት በዓል ለነዳያን ድግስ እየደገስን በሌላው ቀን ሁሉ በቤታችን ሸካራ ሆነን መኖር የሚቻል መስሎናል፤ እኔ ትልቁ ጉድለታችን ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ክርስቲያን ያልሆኑ ሰዎችም ደጎች ናቸው። የክርስቲያን ቸርነት በምን ይለያል?

የሌላውን ሰው ደግነት ማሳነስ አያስፈልገንም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በልቅሶአችን ድንኳን ሲተክሉና ውኃ ሲቀዱልን ያየን ሰዎች ይህን በደንብ እናውቃለን፤ ጌታችንም የባልንጀራን ፍቅር ለማስተማር በምሳሌነት ያቆመው ካህኑንና ሌዋዊውን ሳይሆን በአይሁድ ዘንድ የተናቀውን ሳምራዊ ነበር። ልዩነቱ ያለው በምንጩ ላይ ነው። በሉቃስ ወንጌል 6፥35 እግዚአብሔር ለማያመሰግኑና ለክፉዎችም ቸር እንደ ሆነ ተጽፏል። ክርስቲያን ቸርነትን የሚያደርገው ሳይገባው የተደረገለትን ስለሚያስታውስ ነው፤ ስለዚህም ተቀባዩ የሚገባው መሆኑን አስቀድሞ አይመረምርም፣ ምስጋና ሲቀርበትም አይቋረጥም።

ከየት ልጀምር?

ከቤትዎ፣ በተለይም መልስ ሊሰጥዎ ከማይችለው ሰው ይጀምሩ። የሰው ቸርነት የሚታወቀው ከአለቃው ወይም ከንስሐ አባቱ ጋር ሲነጋገር በሚያሳየው ለዛ አይደለም፤ እነርሱን እንኳን ክርስቲያን ማንም ያከብራቸዋል። የሚታወቀው በእጁ ሥር ካሉት ጋር ነው። በብዙ ከተማ ቤቶች ውስጥ ከገጠር የመጣች፣ አንዳንዴም ገና ልጅነቷን ያልጨረሰች የቤት ሠራተኛ አለች። ጎሕ ሳይቀድ ትነሣለች፣ ሁሉም ከተኛ በኋላ ትተኛለች፤ ቤተሰቡ በመሶቡ ዙሪያ ሲሰበሰብ እርሷ ማድቤት ቆማ የተረፈውን ትጠብቃለች። እንግዳ ፊት "ሠራተኛዋ" ትባላለች እንጂ በስሟ አትጠራም። ብርጭቆ የሰበረች ቀን የምትሰማው ስድብ የቤቱ ልጅ ብትሰብረው ኖሮ ከቶ የማይነገር ነው።

አንድ ክርስቲያን ቤተሰብ ቸርነትን ልማር ቢል ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አያገኝም። በስሟ መጥራት፣ ከአንድ መሶብ ማብላት፣ ደመወዟን ቀኑ ሳያልፍ በእጇ መስጠት፣ እሑድ ቅዳሴ እንድትሄድ መልቀቅ፣ ማታ ትምህርት ቤት እንድትገባ መፍቀድ፣ ስትታመም እንደ ልጅ ማሳከም ሁሉም በዛሬው ዕለት ሊጀመሩ የሚችሉ ናቸው። ስለ ደመወዙ ግልጽ ለመሆን ያህል፣ ይህ ምጽዋት ሳይሆን ዕዳ ነው፤ በዘሌዋውያን 19፥13 የሞያተኛው ዋጋ እስኪነጋ ድረስ በአሠሪው ዘንድ እንዳያድር ታዝዟል። ዕዳችንን ከፍለን ስናበቃ ነው ስለ ቸርነት መናገር የምንችለው።

አያቴ እንጀራ የሚለምን ሰው በር ላይ ሲመጣ ቆማ አታስቀብልም ነበር። ወጡን በሳህን አድርጋ፣ በርጩማ አውጥታ፣ "ተቀመጥ፣ እጅህን ታጠብ" ትልና እርሷም ደጃፉ ላይ ተቀምጣ በልቶ እስኪጨርስ ታወራው ነበር። ከየት እንደ መጣ፣ እናቱ በሕይወት እንዳለች፣ ዝናቡ በእነርሱ አገር እንዴት እንደ ሆነ ትጠይቀዋለች። በልጅነቴ ያን ሁሉ ጊዜ ለምን እንደምታጠፋ አይገባኝም ነበር፤ ዛሬ ግን ሰውዬው ከእንጀራው ይልቅ ጨዋታውን ይዞ እንደ ሄደ አስባለሁ።

ገንዘብ የለኝም። ምን ላደርግ እችላለሁ?

የኪዳነ ምሕረት በዓል በሚከበርበት በየካቲት 16 ቀን የሚነገረውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ ያልሰማ የለም። 78 ሰዎች በልቶ የነበረው ይህ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ቁስለኛ ድሃ የሰጠው ጥርኝ ውኃ ነበር፤ በእርሷም ምሕረትን አገኘ። ይህ ታሪክ ኃጢአትን ለማቃለል የተነገረ አይደለም፤ በሰው ዓይን ከምንም የማይቆጠር ሥራ በእግዚአብሔር ሚዛን ላይ ክብደት እንዳለው ለማሳየት ነው። ጌታችንም ቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ያጠጣ ዋጋው እንደማይጠፋበት በማቴዎስ ወንጌል 10፥42 ተናግሯል።

ገንዘብ የሌለው ሰው ጊዜና ጉልበት፣ ጆሮም አለው። ሆስፒታል የተኛውን መጠየቅ፣ ማንበብ ለማይችሉ እናት የመድኃኒቱን አወሳሰድ ማስረዳት፣ ታክሲ ውስጥ ለነፍሰ ጡር ቦታ መልቀቅ፣ ባሏን ከቀበረች ገና ጥቂት ወራት የሆናትን ጎረቤት ሄዶ ቡና አፍልቶ ማጠጣት ምንም አያስወጡም። በነገራችን ላይ፣ የልቅሶ ቤት በመጀመሪያው ሳምንት በሰው ይጨናነቃል፤ እድሩ ወንበሩንና ድስቱን ያቀርባል፣ ዘመድ አዝማዱ ይሰበሰባል። ሐዘንተኛው ብቻውን የሚቀረው ከአርባው በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ በሩን የሚያንኳኳ ሰው እጅግ ጥቂት ነው።

መንገድ ላይ የሚለምነኝ ሰው ገንዘቡን ለመጠጥ ቢያውለውስ?

ሊያውለው ይችላል። አስቀድመን መርምረን እንድንሰጥ ግን አልታዘዝንም፤ በሌላ በኩል ደግሞ ሳናስተውል በመስጠት የሰውን ጉዳት ማባባስ ቸርነት አይሆንም። ጥርጣሬ ካለብን ዳቦ ገዝተን መስጠት፣ ሻይ ቤት አስገብተን ማብላት ወይም ሕመምተኛን ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ እንችላለን። ጥርጣሬያችንን ምንም ላለማድረግ ምክንያት ማድረግ ግን ራስን ማታለል ነው።

የምንሰጠው ነገር ባይኖረን እንኳ አባቶቻችን ለዚህ ቃል ትተውልናል። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብሎ ማለፍ እንቢታን ወደ ምርቃት የሚለውጥ ንግግር ነው፤ ነገር ግን ስልካችንን እያየን ከጥርሳችን ሥር ስናጉተመትመው ምርቃትነቱ ይቀራል። ቆም ብሎ፣ ዓይኑን አይቶ መናገር ያስፈልጋል።

ስለ ደጉ ሳምራዊ በተነገረው ምሳሌ አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ሳምራዊው ቁስሉን ካሰረ፣ ዘይትና ወይን ካፈሰሰበት፣ በራሱም እንስሳ ላይ ጭኖ ወደ እንግዶች ማደሪያ ካደረሰው በኋላ ሁለት ዲናር ለባለቤቱ ሰጥቷል። በማቴዎስ 20፥2 እንደምናየው አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ዋጋ ነበር፤ ስለዚህ የሁለት ቀን ሙሉ ደመወዙን ከፈለ ማለት ነው። ከዚያም "ከዚህ በላይ ብታወጣ ስመለስ እከፍልሃለሁ" አለ። ቸርነቱ የአንድ ጊዜ ብቻ አልነበረም፤ ተመልሶ መጥቶ ሊጠይቀው አስቦ ነበር።

የምሠራው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ሥራዬ ከቸርነት ጋር ምን ያገናኘዋል?

በአንድ መሥሪያ ቤት ወረፋ ስጠብቅ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጋቢ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌ ሰነዶቻቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን ደግሞ በክር አስረው ይዘው መጡ። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ክሩን መፍታት አቃታቸው፤ ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጡ ነበር። ባለጉዳይ አስተናጋጇ ሳትቆጣ ጠበቀቻቸው፣ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየችና የጎደለው አንድ ፎቶ ኮፒና የቀበሌ ደብዳቤ መሆኑን ነገረቻቸው። "ነገ ይምጡ" ብላ አላሰናበተቻቸውም፤ የሚያስፈልገውን ሁሉ በቁራጭ ወረቀት ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፋ፣ የቢሮ ቁጥሩን ጨምራ፣ "ይህን ለልጅዎ ያሳዩት፤ ሲመለሱ ወረፋ ሳይጠብቁ እኔን ይጠይቁኝ አባቴ" አለቻቸው። ይህ ሁሉ የወሰደባት ሦስት ደቂቃ አይሞላም።

ከዚያ መስኮት ውጭ "ሲስተም የለም"፣ "ፋይሉ አልተገኘም"፣ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" እየተባሉ አምስትና ስድስት ጊዜ የሚመላለሱ ሰዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ምልልስ ለአንድ ገበሬ የአንድ ቀን እርሻና የመጓጓዣ ወጪ ነው። በቢሮ፣ በባንክ፣ በክሊኒክና በትምህርት ቤት የምንሠራ ክርስቲያኖች ከሥራ ስንወጣ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመን እንገባለን፤ ግን ከጠዋት እስከ ማታ በመስኮታችን ያለፈው ሰው ሁሉ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የተጠቀሰው ተርቦና ታምሞ፣ እንግዳም ሆኖ የመጣው ጌታ ሊሆን ይችላል። ጉዳዩን መፈጸም ባንችል እንኳ እንደማይፈጸም በግልጽና በአክብሮት መንገር ቸርነት ነው። ለሥራው ጉቦ መቀበል ደግሞ ቸርነትን ቀርቶ ፍትሕንም ያጠፋል።

ቸር ለመሆን ሁልጊዜ "እሺ" ማለት አለብኝ?

የለብዎትም። ብዙዎቻችን ቸርነት የምንለው ይሉኝታን ነው። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ይሰጣሉ፣ ሁለቱም ያስተናግዳሉ። ይሉኝታ ያለው ሰው ግን የሚሰጠው ሰው ምን ይለኛል ብሎ ነው፤ ስለዚህም ገንዘቡን ካበደረ በኋላ ማታ ለሚስቱ ያማርራል፣ እንግዳውን ከሸኘ በኋላ በሩን ዘግቶ ያማል፣ ከዓመት በኋላም ውለታውን ቆጥሮ ያወጣል። ሐዋርያው በ2ኛ ቆሮንቶስ 9፥7 ላይ እያንዳንዱ በልቡ እንዳሰበ እንዲሰጥ፣ በኀዘን ወይም በግድ ግን እንዳይሆን ያዘዘው ስለዚህ ነው። በልብ እያጉረመረሙ "እሺ" ከማለት፣ "ይህን ያህል እንጂ ያን ያህል አልችልም፤ አትቀየመኝ" ብሎ በቀና ፊት መናገር ይሻላል።

እውነትን መናገርም እንዲሁ ነው። ወንድሙ በመጠጥ ቤቱን ሲያፈርስ እያየ "ቅር ይለዋል" ብሎ ዝም ያለ ሰው ለወንድሙ አልራራለትም፤ ለራሱ ምቾት ነው የራራው። በማቴዎስ 18፥15 የተሰጠው ሥርዓት እጅግ ጥንቃቄ ያለበት ነው፤ መጀመሪያ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ይላል። በቤተ ዘመድ ፊት ማዋረድ፣ በቡና ላይ ማንሣት፣ በስልክ ቡድን ላይ መጻፍ ከዚህ ሥርዓት ውጭ ነው። ነገሩን ከባድ የሚያደርገው እውነቱ ሳይሆን ብዙ ጊዜ የተነገረበት ቦታና የድምፃችን ቃና ነው፤ "የለዘበች መልስ ቍጣን ትመልሳለች" የሚለው የምሳሌ መጽሐፍ ቃል እዚህም ይሠራል።

ለበደለኝ ሰውስ?

ጠላትህ ቢራብ አብላው የሚለው ትእዛዝ በምሳሌ 25፥21 ተጽፎ በሮሜ 12፥20 ተደግሟል፤ ስለዚህ ከትእዛዙ ማምለጫ የለንም። መጀመሪያው እርምጃ አብዛኛውን ጊዜ ማቀፍ ሳይሆን ክፉውን አለመመኘት፣ ስሙን በጸሎት ማንሣት፣ ሰላምታ አለመንፈግ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ጊዜና የንስሐ አባት ምክር ይፈልጋል።

ይሁን እንጂ በዚህ ትእዛዝ ስም የተጎዱ ሰዎች ስላሉ በግልጽ መነገር ያለበት ነገር አለ። ባሏ የሚደበድባትን ሴት "ታገሺ፣ ቸር ሁኚ" ብሎ ወደ ዱላው መመለስ የወንጌል ትምህርት አይደለም። ጌታችን በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ "ስለ ምን ትመታኛለህ?" ብሎ ጠይቋል፤ ቅዱስ ጳውሎስም ሊገርፉት ሲያስሩት ሮማዊነቱን ጠቅሶ በሕግ ተከላክሏል። ሰውን ይቅር ማለትና ራስን ከጥቃት ማዳን አይጣሉም፤ ወደ ሕግ መሄድም በቀል አይደለም። ክፉ አድራጊውን ከክፋቱ ማስቆም ለእርሱም ነፍስ ቢሆን ቸርነት ነው።

ጾምና ቸርነት ምን ያገናኛቸዋል?

በኢሳይያስ 58 ላይ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስና የተራቆተውን ማልበስ መሆኑ ተነግሯል። የዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በእነዚህ ቀናት ለሥጋ፣ ለቅቤና ለወተት ይወጣ የነበረው ገንዘብ ለብቻው ቢቀመጥና ለፋሲካ ዋዜማ ለተቸገረ ጎረቤት በዓል ማሳለፊያ ቢሆን፣ ጾማችን ከወጥ መለወጥ አልፎ ይሄዳል። ጾሙ ሲገባ የሚብስብንን ቍጣም መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ሆዱ የተራበ አባት በልጁ ላይ የሚጮኸው ጩኸት ከጾሙ ጋር አብሮ አይቆጠርለትም።

የምሠራውን በጎ ሥራ በማኅበራዊ ሚዲያ ባሳይ ሌሎችን አያነሣሣምን?

አንዳንድ ጊዜ ያነሣሣል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚረዳውን ሰው ያዋርዳል። አምስት ኪሎ ዱቄት ለመቀበል ፊቷን ለካሜራ እንድትሰጥና እንድታለቅስ የተደረገች እናት ዱቄቱን በክብሯ ገዝታዋለች ማለት ነው። ልጆቿ ነገ ያን ቪዲዮ ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ስልክ ላይ ያዩታል። የእርዳታ ማሰባሰቢያ የግድ ከሆነ ሥራውን ማሳየት ይቻላል፤ የሰውን ፊት፣ በተለይም የሕፃናትን፣ ማሳየት ግን አያስፈልግም። በማቴዎስ 6 ግራ እጃችን ቀኝ እጃችን የሚሠራውን እንዳያውቅ ታዝዘናል።

ቸርነት እስከ ምን ድረስ ነው?

ይህን በቁጥር መመለስ አይቻልም፤ የአንዲት ሴት ታሪክ ማንሣት ግን ይቻላል። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም በሄዱበት ጊዜ ወሎ በረሃብ ላይ ነበረች። በመንገዳቸው በሞተች እናቷ አጠገብ የነበረች ሕፃን አዩና እርሷንና ሌላ አንድ ልጅ ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ከዚያም ሌሎች ተጨመሩ፤ ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባለቤታቸው ከልጆቹና ከትዳሩ እንዲመርጡ ሲጠይቋቸው ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ። በስማቸው የቆመው ድርጅት ዛሬም ሥራውን ይቀጥላል፤ እርሳቸው በ2013 ዓ.ም. አርፈዋል። ሁላችንም ይህን እንድናደርግ አልተጠራንም። ልብ ልንለው የሚገባው ግን ነገሩ የተጀመረው በተሳላሚነት መንገድ ላይ ያዩትን ሳያልፉ በመቅረታቸው መሆኑን ነው።

ሰው በመርዳት ደክሜአለሁ። ኃጢአት ነውን?

አይደለም። አልጋ ላይ የዋለች እናትን የሚያስታምም ሰው መሰልቸቱን ሲናዘዝ ያፍራል፤ ማፈር የለበትም። ሐዋርያት ከአገልግሎት ሲመለሱ ጌታችን ብቻቸውን ወደ ምድረ በዳ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ ነግሯቸዋል። እርዳታ መጠየቅ፣ ተራ መግባት፣ አንድ ቀን ተኝቶ ማደር ይገባል። ማኅበርና እድር ያላቸው ሰዎችም አስታማሚውን "አይዞህ" ብለው ከመሄድ ይልቅ አንድ ሌሊት ተክተውት ቢያድሩ ይበጃል።

በውጭ አገር የምንኖር ሰዎች ከምን እንጠንቀቅ?

በአሜሪካና በአውሮፓ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም ከሚያውቀው ጋር ተሰባስቦ ሲጨዋወት ጥግ ላይ ብቻውን የቆመ አዲስ ሰው አይጠፋም። ወረቀት እንዴት እንደሚሞላ፣ በየትኛው አውቶቡስ እንደሚሄድ፣ ሥራ በየት እንደሚገኝ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል፤ ስልክ ቁጥር ሰጥቶ በሳምንቱ መደወል ብዙ ይረዳዋል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት ለሚሠሩ እህቶቻችን ደግሞ ቸርነት የሚያስፈልጋቸው ከአገር ቤት ነው። ብዙዎቹ የዕረፍት ቀን የላቸውም፤ ስልክ የሚያነሡት ሌሊት፣ ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት የሚሰሙት የመጀመሪያ ቃል "የላክሽው ገንዘብ አነሰ" የሚል ከሆነ ማልቀሳቸው አይቀርም። ስለ ገንዘቡ ከመነሣቱ በፊት "ዛሬ ምን በላሽ? እግርሽ እንዴት ሆነልሽ?" ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም እስከ መጨረሻው ማዳመጥ ይገባል።